የማለዳ ጠብታ

(ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጎህ ሲቀድ፤ ትርንጎ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ይዛ ከጎረቤቷ ከእትዬ ማንጠግቦሽ አጥር በር ላይ ቆማለች፤ በደቡብ ሐይቅ ሰምጦ የሞተው የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ አበጋዝ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኖ መንገዱን ዘግቶባታል።)

አበጋዝ፦ ዛሬም ልትዋሺያት ነው የመጣሽው?

ትርንጎ፦ ዛሬም ልትገሥጸኝ ነው የቆምኸው? ሞቶ እንኳ ጠዋት ጠዋት የሚነጫነጭ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም።

አበጋዝ፦ ስንት ሙት አይተሽ ታውቂያለሽና?

ትርንጎ፦ አንድ። እሱም በዝቶብኛል። በል ዘወር በል፤ ብርዱ ጣቴን ሳያደነዝዘው ጠብታውን ላድርግላቸው። አለዚያ ዓይናቸውን እስታለሁ።

አበጋዝ፦ ትርንጎ፣ መርዶዬን ንገሪያት።

ትርንጎ፦ ጀመርህ ደግሞ።

አበጋዝ፦ ዛሬ ንገሪያት። መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ጎረቤት እሳት ሳያነድ።

ትርንጎ፦ መርዶ የሚነገርበትን ሰዓት እኔም አውቃለሁ። ማን እንደሚናገረውም አውቃለሁ። ሽማግሌ ነው የሚናገረው፤ ጋቢውን ደርቦ፣ ሰው አስከትሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። አጎትህ ጋሽ ደምሌ እያሉ እኔ በየት በኩል?

አበጋዝ፦ ጋሽ ደምሌማ ወሬውን በስልክ የሰማ ዕለት፣ «ዓይኗ የሞራ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በፋሻ ታስሯል፤ እንባ እንዳይነካው ብሏል ሐኪሙ፤ ይቆይ» አለ። ልክ ነበር። ፋሻው ተፈታ፤ «ጾሙ ይውጣ» አለ። ጾሙ ወጣ፤ «እኅቷ ከወልዲያ ትምጣ» አለ። እኅቷ መጣች፤ ዶሮ በላች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ተመለሰች።

ትርንጎ፦ የዶሮውን ሽንኩርት የከተፍሁት እኔ ነኝ። አክስትህ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥተው ተመለሱና «ሽንኩርቱ እኮ ነው» አሉኝ። ሽንኩርቱ ግን ቁሌት ሆኖ አልቆ ነበር።

አበጋዝ፦ እንግዲህ አየሽው። ሁሉም የየራሱን ሽንኩርት ይዟል። ሁሉም ሌላውን እያየ ይጠብቃል። እኔም በመካከላቸው ቆሜ ቀረሁ፤ ከሞተውም ሳልሆን፣ ከሚኖረውም ሳልሆን።

ትርንጎ፦ ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነው ነገሩ። እኔ አልነበርሁም፣ አልቀበርሁህምም። ጀልባችሁ ሲገለበጥ እኔ ከወንዝ ዳር ልብስ እያጠብሁ እዘፍን ነበር። የቀበሩህ ለመሬት ቅየሳ ሥራ አብረውህ የሄዱት ጓደኞችህ ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። እነሱ ይምጡና ያርዷቸው።

አበጋዝ፦ እነሱማ ቀብረውኝ ነበር። ማግስቱን መልሰሽ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ እኔ በምን እጄ?

አበጋዝ፦ በአፍሽ። የመጀመሪያዪቱን ጠዋት አስቢያት። እናቴ በፋሻው ውስጥ ሆና ኮቴሽን ሰማችና «ትርንጎዬ፣ አበጋዝ ደወለ ወይ?» አለችሽ።

ትርንጎ፦ ደውሏል አልኋቸው። ምን ልበላቸው? እናትህ በጨለማ ውስጥ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘርግተው ነበር። «ደኅና ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል» አልኋቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደረቴን ሞቀኝ። ወሬህን ከሰማሁ ጀምሮ የሞቀኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ስወጣ እዚህ ዛፍ ሥር ቆመሃል፤ ከራስህ እስከ እግርህ ርሰህ፣ ውሃው ግን መሬት ሳይነካ።

አበጋዝ፦ ደንግጠሽ ትሮጫለሽ ብዬ ነበር።

ትርንጎ፦ ደንግጬማ ነበር። ግን «በዚህ ብርድ ርሰህ ቆመህ ትታመማለህ» አልሁህ።

አበጋዝ፦ የሞተ ሰው የሰማው ትልቁ ቀልድ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ትርንጎ፦ ሳቅህ። ስትስቅ ከአፍህ እንፋሎት አልወጣም። ያኔ ነው በትክክል የገባኝ። ሆኖም ማግስቱን ደግሜ ዋሸሁ፤ ደግመህ መጣህ።

አበጋዝ፦ በስሜ ሰላምታ ባደረስሽ ቁጥር እመጣለሁ። ስለዚህ ነው አቁሚ የምልሽ።

ትርንጎ፦ ስለዚህ ነው የማላቆመው። አሁን ገብቼ «ሞቷል» ብላቸው፣ ነገ ጠዋት ይህ ዛፍ ባሕር ዛፍ ብቻ ሆኖ ይጠብቀኛል። ይህን አውቀህ ነው የምትለምነኝ?

አበጋዝ፦ አውቄ ነው።

ትርንጎ፦ ጨካኝ ነህ።

አበጋዝ፦ ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ጎረቤቶችሽ ቢያውቁ።

ትርንጎ፦ ይበሉኝ። ላሜ ጠዋት ጠዋት ወርዳ ትነጫነጭብኛለች፤ የእነሱ መቼ ወርዳ ታውቃለች?

አበጋዝ፦ ሰው ያለሽ ልጅ ነሽ፤ ጓደኛ አለሽ፣ እናት አለችሽ። አልቅሺና ይውጣልሽ።

ትርንጎ፦ በምን መብቴ ላልቅስ? አንተ «ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እስከዚያ ማንም አይወቅብን» ብለህ ሄድህ። ማንም አላወቀብን፤ ጥሩ አድርገን ደበቅነው። ወሬው በሠፈሩ በሹክሹክታ ሲዞር ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ «አንቺ እጅሽ ልዝብ ነው፤ ጠብታውን አንቺ ጨምሪላት፤ ደግሞ ፊትሽ ላይ ምንም እንዳታይ» አሉኝ። ያጽናናኝ አልነበረም። ለማን ልንገር? ሐዘንም ባለቤት ይሻል፣ አበጋዝ። ባለቤት ያጣ ሐዘን ከደጅ እንደሚያድር ውሻ ነው፤ ማንም አያስገባውም፣ እሱም አይሄድም።

አበጋዝ፦ ይህን ያህል ጊዜ ስንነጋገር ይህን አልነገርሽኝም።

ትርንጎ፦ አልጠየቅኸኝማ። ሁልጊዜ ስለ እናትህ ነው የምትነዘንዘኝ።

አበጋዝ፦ እንግዲያው ዛሬ ስለ እኔ ልንዘንዝሽ። ጢሜን እዪው።

ትርንጎ፦ አይቼዋለሁ። ያምርብሃል።

አበጋዝ፦ በሕይወቴ ጢም አብቅዬ አላውቅም። ስሞት ፊቴ የተላጠ እንቁላል ነበር። ባለፈው «ጢም አሳድጓል፣ ቁርጥ አባቱን ሆኗል» ብለሽ አወራሻት፤ በማግስቱ አገጬን በላኝ።

ትርንጎ፦ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልሁት። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።

አበጋዝ፦ «ሲጋራ ትቷል» አልሻት፤ ሽታው ከልብሴ ጠፋ። «ረቡዕ ረቡዕ ይጾማል» አልሻት፤ ሙት ሆኜ ረቡዕን ለይቼ አወቅሁት። ይህንንስ እችለዋለሁ። ከትናንት በስቲያ ግን «ዋና ለምዷል» አልሻት።

ትርንጎ፦ ሐይቁን እንዳይፈሩት ብዬ ነው።

አበጋዝ፦ የሰመጥሁት ዋና ስለማልችል ነው፣ ትርንጎ። ሌሎቹ ዋኝተው ወጥተዋል። አሁን ያን ቀን ላስብ ስሞክር እጆቼ ውሃውን መግፋት ይጀምራሉ። ዳር እደርሳለሁ። እንዴት እንደሞትሁ እየጠፋኝ ነው። ሰው ሕይወቱን ቢነጠቅ ሞቱ ይቀረዋል፤ እኔ እሱንም እያጣሁ ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ዋናተኛ መሆንህ ምኑ ከፋ? ከነበርኸው የተሻልህ ሆነሃል።

አበጋዝ፦ የተሻለው ሰውዬ እኔ አይደለሁማ። ወንድምህ ነው ቢሉኝ ማመን ይቀለኛል። አንቺ በየማለዳው እየቀረጽሽ ያቆምሽው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ፊቱን ብቻ አውሼዋለሁ፤ ፊቱንም በጢም ሸፍነሽብኛል።

ትርንጎ፦ አታስፈራራኝ። አንተው ነህ። ድምፅህን አውቀዋለሁ።

አበጋዝ፦ ታውቂዋለሽ? እስቲ ስምሽን ልጥራ፤ ደኅና አድርገሽ አድምጪ። ትርንጎ።

ትርንጎ፦ እሺ?

አበጋዝ፦ ትርንጎ። ትርንጎ። ትርንጎ። አልሰማሽም?

ትርንጎ፦ ምኑን?

አበጋዝ፦ ያልሰማሽውን። ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንት ዓረፍተ ነገር ደረደርሁልሽ? አንዴም አልተንተባተብሁም። በነፍስ ሳለሁ «ደኅና ዋልሽ» እስክል ቀኑ ይመሽ አልነበረም? አንቺ ግን እናቴ ፊት «እንዲህ አለኝ፣ እንዲያ አለኝ» እያልሽ በአንድ ትንፋሽ አስወራሽኝ። ልሳኔ ተፈታ። ያንቺ ልሳን ሆነ።

ትርንጎ፦ እንደ ድሮው ጥራኝ።

አበጋዝ፦ አልችልም።

ትርንጎ፦ ሞክር። እባክህ።

አበጋዝ፦ ትርንጎ። ይኸው። እንደ ሬዲዮ ተናጋሪ ነው።

ትርንጎ፦ መጀመሪያዋ ፊደል ላይ ትሰናከል ነበር። ከአጥራችን ውጭ ቆመህ «ት፣ ት፣ ት» ስትል እናቴ ከማጀት ሆና «ማነው በር የሚቆረቁረው?» ትል ነበር። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እጠብቅሃለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ስሜን ይጠራዋል፤ አንተ ግን ዳገት ወጥተህ ትደርስበት ነበር። ስትደርስበት ፊትህ ላይ የሚታየውን... እንዴት ሳላስተውለው ቀረሁ? እዚህ ቆሜ፣ በየቀኑ እያየሁህ።

አበጋዝ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይህ ነው። እኔን ላስቀር ብለሽ እኔን አጣሽኝ።

ትርንጎ፦ እንዲያም ቢሆን እናትህን አልገድልም። ለእኔ ስል ብቻ የምዋሽ አታድርገኝ። እንባ ዓይናቸውን ቢያጠፋውስ?

አበጋዝ፦ ዓይኗ ከዳነ ቆይቷል። ጠብታውን የምትጨምሪላት ሐኪሙ እስኪያልቅ አድርጉላት ስላለ ብቻ ነው። ስንት ነው የምታደርጊላት?

ትርንጎ፦ በየዓይናቸው አንዳንድ ጠብታ።

አበጋዝ፦ ከዚያ ምን ይሆናል?

ትርንጎ፦ ምን ይሆናል? ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጉንጫቸው ይርሳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና «ዛሬስ ጠብታው በዛ፣ ልጄ» ይሉኛል።

አበጋዝ፦ አንዲት ጠብታ አገጭ ድረስ ትወርዳለች? ነጠላ ታርሳለች?

ትርንጎ፦ ምን ልትለኝ ነው?

አበጋዝ፦ ይህን ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር። የእሷ ምስጢር ነው፤ ከእናቴ የሰረቅሁት ይመስለኛል። በራስሽ እግር ገብተሽ እንድታገኚው ነበር ምኞቴ። አንቺ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሆነሽ አረፍሽው።

ትርንጎ፦ ያውቃሉ እንዳትለኝ።

አበጋዝ፦ ታውቃለች።

ትርንጎ፦ ማን ነገራቸው? ጋሽ ደምሌ ናቸው?

አበጋዝ፦ አንቺ ነሽ። በመጀመሪያዋ ጠዋት። «አበጋዝ ደወለ፣ እንዲህ እንዲህ አለኝ» ስትያት ነው ያወቀችው። እኔ በስልክ አውርቼ አውቃለሁ? «እ፣ እ፣ እማዬ» እስክል ካርዱ ያልቅ አልነበረም? ደውዬ ዝም ነው የምለው። እሷ ከዝምታዬ ታውቀኝና ብቻዋን ታወራልኛለች፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጎረቤት። ስትጨርስ «እሺ ልጄ፣ ሰምቼሃለሁ» ብላ ትዘጋዋለች። ልጇ ደውሎ ያን ሁሉ ማውራቱን ስትነግሪያት ምን የምታስብ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ እግዚኦ። የዋሸሁት ውሸት ራሱ...

አበጋዝ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የአንቺው ገና ከመነሻው ጠርቶላት ነበር።

ትርንጎ፦ ከሆነስ ለምን በየማለዳው ይጠይቁኛል? ኮቴዬን እንደሰሙ «ደወለ ወይ?» ይሉኛል እኮ። ልባቸው ቆሞ ነው የሚጠብቁኝ። ሲሰሙኝ ፈገግ ይላሉ።

አበጋዝ፦ ፈገግ የምትለው ለእኔ አይደለም።

ትርንጎ፦ ለማን ታዲያ?

አበጋዝ፦ ስሜን ስትጠሪ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን አንቺ አልሰማሽውም። እሷ ግን በፋሻ ውስጥ ሆና ከድምፅ በቀር የምታየው አልነበራትም። ዕለቱን ሁለት ነገር አወቀች፤ ልጇ መሞቱን፣ ልጇ የሚወዳት ልጅ መኖሯን። ትናንት አንቺ ከወጣሽ በኋላ ገብቼ ከጀርባዋ ቆምሁ። ሥዕለ ማርያሟ ፊት ተንበርክካ ነበር። ምን እንዳለች ልንገርሽ?

ትርንጎ፦ አትንገረኝ።

አበጋዝ፦ «እመቤቴ፣ ለዚያች ልጅ መርዶ የሚነግራት፣ የሚያጽናናት ሰው የላትም። እስክትችለው ድረስ እኔ ልቻለው» አለች። መርዶው ያልተነገረው ለእሷ አይደለም፣ ትርንጎ። ለአንቺ ነው። «ደወለ ወይ?» የምትልሽ አንድ ቀን «አልደወለም» እንድትያት ነው። ያኔ ልታቅፍሽ ነው የምትጠብቀው። ያኔ ብቻ ነው እሷም እንደ እናት የምታለቅሰኝ። እስከዚያ በጠብታ ተጠልላ ታነባለች።

ትርንጎ፦ እኔ እጠብቃቸዋለሁ ስል እሳቸው ይጠብቁኝ ነበር።

አበጋዝ፦ አንቺ መድኃኒት ትጨምሪላታለሽ፤ እሷ ጥያቄ ትጨምርልሻለች። ከሁለታችሁ ማን የማንን ዓይን ስታክም እንደከረመች እንጃ።

ትርንጎ፦ ዝም በል እስቲ። ትንሽ ዝም በል።

አበጋዝ፦ እሺ።

ትርንጎ፦ ጢም አልነበረህም።

አበጋዝ፦ አልነበረኝም።

ትርንጎ፦ አቋርጠኸኝ አትናገር፤ እንደምንም ጀምሬዋለሁ። ጢም አልነበረህም፤ ሁለት ፀጉር አገጭህ ላይ በቅለው «ጢማም» ብዬ ስቄብሃለሁ። ሲጋራ ታጨስ ነበር፤ ለእኔ ስትል አንድ ቀን ተውኸው፣ በማግስቱ ሽታውን በከረሜላ ሸፍነህ መጣህ። ረቡዕን አትጾምም ነበር። ፈሪ ነበርህ፤ የጎረቤት ዝይ አሳድዶህ ከቦይ ወድቀሃል። ዋና አትችልም ነበር።

አበጋዝ፦ አ፣ አልችልም ነበር።

ትርንጎ፦ ሰማሁት።

አበጋዝ፦ ቀ፣ ቀጥይ።

ትርንጎ፦ ጀልባው ሲገለበጥ ዋና የማይችለው አንተ ብቻ ነበርህ። ሌሎቹ ወጡ። አንተ አልወጣህም። ማታውን አገኙህ። እኔ በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ተቀበርህ። እኔ ያን ሰዓት ከወንዝ ዳር እየዘፈንሁ ነበር፤ የምዘፍነውም ለሠርጋችን የሚሆን ነበር። አበጋዝ፣ ሞተሃል።

አበጋዝ፦ ሞ፣ ሞቻለሁ።

ትርንጎ፦ እንፋሎት የለህም። ከአሁን በፊት ሁሉ «ብርዱ ነው» እያልሁ ራሴን አሳምን ነበር።

አበጋዝ፦ ነ፣ ነጠላሽን...

ትርንጎ፦ ዘቅዝቄዋለሁ። እየው፤ ጥለቱ ወደ አንገቴ ነው። ከእንግዲህ ሰው ቢያየኝ ይየኝ። ማነው የሞተብሽ ቢሉኝ እመልስላቸዋለሁ።

አበጋዝ፦ ከ፣ ከአንጀት ካለቀሱ...

ትርንጎ፦ እንባ አይገድም። ተረቱን እንኳ ሳትጨርሰው የጨረስሁልህ እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። አንዱን ግን አልጨርስልህም። እሱን ራስህ ትደርስበታለህ። እጠብቅሃለሁ፤ እንደ ድሮው፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ።

አበጋዝ፦ ት...

ትርንጎ፦ እሺ።

አበጋዝ፦ ት... ት...

ትርንጎ፦ አለሁ። ቀስ በል፣ አልሄድም።

አበጋዝ፦ ት...

ትርንጎ፦ ... አበጋዝ? ... እሺ። እሺ፣ ሰምቼሃለሁ። ... እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ትርንጎ ነኝ፤ ይክፈቱልኝ። አልደወለም፣ እትዬ። ዛሬ ጠብታውንም ከደጅ ትቼው ነው የመጣሁ።